የጌዴኦ ሰማይ ምን ያሳያል? ስለ ጅራታም ኮከቦችና ስለ ተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ የተደረገ ዳሰሳ

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጨለማ ሰማይ ላይ ብርሃን እያንጠባጠበ የሚያልፍ ነገር በደቡብ ኢትዮጵያ ታየ። ስልክ የያዘ ቀረጸው፤ ምስሉም ከእጅ እጅ ሲዞር ከረመ። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ የምትንቀጠቀጥበት ጊዜ ስለነበር ሁለቱን አያይዞ የጠየቀም አልጠፋም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነገሩ የጠፈር ፍርስራሽ ወይም ከጠፈር የመጣ አለት ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የተመልካቹ ቃል ነው፦ ስንት ሰከንድ ቆየ? ከየት ተነስቶ ወዴት ሄደ? ተሰነጣጠቀ ወይስ አንድ ሆኖ ጠፋ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ሳይንቲስት መሆን አይጠበቅበትም። አስቀድሞ ምን እንደሚመለከት ማወቁ ብቻ ይበቃል።

ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ከዲላና ከጌዴኦ ዞን ሆኖ ሰማይን ለፍላጎቱ ብቻ የሚመለከት ሰው ምን ሊያይ፣ ምን ሊመዘግብ እንደሚችል ነው። በየዓመቱ ዓለም ላይ የሚሰራጨው የተወርዋሪ ኮከቦች ሰሌዳ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ የተሰናዳ ነው። ጌዴኦ ግን የራሱ ዝናብ፣ የራሱ አድማስ፣ የራሱም የሥራ ወቅት አለው። ሰሌዳውን እንዳለ የተቀበለ ሰው ነሐሴ ላይ ደመና ሲያይ ያድርና ታኅሣሥ ላይ ተኝቶ ያልፋል።

ሦስቱን መለየት

ጅራታም ኮከብ ከበረዶ፣ ከአቧራና ከድንጋይ የተሠራ አካል ነው። ፀሐይን ሲቀርብ በረዶው ይተንና አቧራና ጋዝ ይለቅቃል፤ ጅራት ሆኖ የሚታየን ይህ ነው። ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ያዘነብላል። በሰማይ ላይ ሲሮጥ አይታይም፤ ዛሬ ያዩት ነገም እዚያው አካባቢ ይጠብቃል፤ ለቀናት አልፎም ለሳምንታት ይቆያል።

ተወርዋሪ ኮከብ በአንጻሩ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ጥሎት የሄደው የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል ፍርፋሪ፣ ከምድር በላይ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ተላትሞ ሲነድ ነው። ምድር በየዓመቱ በዚያው ቀን ያንኑ የፍርፋሪ ጎዳና ስለምታቋርጥ ዝናቡም በየዓመቱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ ነው፦ ወደ ምድር የሚመለስ የሮኬት ወይም የሳተላይት ስብርባሪ። ተወርዋሪ ኮከብ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል፤ ስብርባሪው ግን 8 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ፣ አንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሰማይ ለሰማይ ይጓዛል። በልብ አንድ ሁለት እያሉ መቁጠር ብቻ ለመለየት ብዙ ይረዳል።

ከምድር ወገብ አጠገብ መሆን

ዲላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ትገኛለች። ለሰማይ ተመልካች ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ክንድን ዘርግተው ከያዙት ጭብጥ ስፋት በታች ማለት ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ አውሮፓውያን የማያዩት የደቡብ መስቀል 24 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ከሁለቱም የሰማይ ንፍቀ ክበቦች የሚደበቅብን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከጅራታም ኮከብ ጋር የተያያዘ ነው። ደማቅ ጅራታም ኮከብ በብዛት የሚታየው ፀሐይን በቀረበበት ሰሞን፣ ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሽ ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ጨለማው ፈጥኖ ይገባል፤ ከፀሐይ አጠገብ ያለውም ነገር ከአድማስ ከፍ ብሎ ይቀራል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 2024) የመጣው ጹቺንሻን–አትላስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጅራታም ኮከቡን ያገኙት በቻይና የሚገኘው የፐርፕል ማውንቴን የሥነ ፈለክ ተቋምና በደቡብ አፍሪካ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ናቸው። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ነበር። በዚያ ሰሞን ንጋት ላይ በምሥራቅ፣ ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ምሽት ላይ በምዕራብ ሊታይ ይችል ነበር። በሰሜን አውሮፓ ያሉ ተመልካቾች የንጋቱ ትርዒት አምልጧቸዋል፤ ለምድር ወገብ ጎረቤቶች ሁለቱም ክፍት ነበሩ።

የዓመቱ ዝናብና የሰማዩ ዝናብ

ችግሩ ደመና ነው። የጌዴኦ ዝናብ በሁለት ወቅት ይመጣል፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ክረምቱን ይዞ እስከ ጥቅምት። ሰማዩ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጠራው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ታዋቂዎቹን ዝናቦች በዚህ ወንፊት ስናሳልፋቸው ደረጃቸው ይገለባበጣል።

ፐርሲድ በዓለም ላይ በጣም የሚወራለት ነው፤ ስዊፍት–ተትል ከተባለው ጅራታም ኮከብ የተገኘ፣ ነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ፣ ከቡሄ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሚደርስ። ከዲላ ግን ሁለት እንቅፋት አለበት፦ ክረምቱና አቅጣጫው። የሚፈልቅበት የሰማይ ነጥብ በሰሜን ርቆ ስለሚገኝ ከ40 ዲግሪ በላይ አይወጣም፤ ሰማዩ ቢጠራ እንኳ ከሚባለው ቁጥር ግማሽ ገደማ ቢታይ ነው። ለዚህ ብሎ ብርድ ልብስ ይዞ መውጣት ብዙም አያዋጣም።

ኢታ አኳሪድ የሚያስቆጭ ነው። የሃሌ ጅራታም ኮከብ ፍርፋሪ ሲሆን የሚደምቀው ሚያዝያ 27 እና 28፣ በአርበኞች ቀን ነው። የዐውደ ነገሥት አንባቢ «ደለዊ» ከሚለው የኮከቦች ስብስብ ይፈልቃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይወጣና ጎህ ሊቀድ ሲል ከአድማስ 40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ በአውሮፓ ግን ፀሐይ የምትቀድመው ገና ከአድማስ ሳይርቅ ነው። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ልክ በዚያን ጊዜ ይበረታል። ሌሊቱን ዘንቦ ሊነጋ ሲል የሚያባራበት ቀን ቢገጥም ግን መነሳቱ የሚያስቆጭ አይደለም። ያው የሃሌ ፍርፋሪ ኦሪዮኒድ ሆኖ ጥቅምት 11 እና 12 ዳግም ይመጣል፤ ዝናቡ ወደ ማብቂያው ስለሆነ ዕድሉ ትንሽ የተሻለ ነው። ሊዮኒድ ኅዳር 8 ገደማ ይደርሳል፤ በአብዛኛው ዓመት ደካማ ነው፤ እንደ እ.ኤ.አ. 1833 እና 1966 ያሉ ማዕበሎቹ ግን ታሪክ ሆነው ቀርተዋል።

የጌዴኦ ዋነኛው ዝናብ ጀሚኒድ ነው። ታኅሣሥ 5 አጥቢያ ይደምቃል፤ በዚያን ሰሞን ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ከ«ገውዝ» የሚፈልቀው ይህ ዝናብ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቅ ይላል፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ 30 ዲግሪ ከፍታ ይይዛል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ 63 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። ቅንጣቶቹ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዙ ከሌሎቹ ዘገም ያሉ ናቸው፤ ዓይን ተከትሎ ሊያያቸው ይችላል። ምንጩም ያልተለመደ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1983 አይራስ በተባለው ሳተላይት የተገኘው ፌተን የተባለ አለታማ አካል እንጂ እንደ ሌሎቹ ጅራቱን የዘረጋ ኮከብ አይደለም። ገና ሊገባ ሲል፣ ታኅሣሥ 25 እና 26፣ ኳድራንቲድ ይከተላል፤ ይህ ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚደምቅና በሰሜን ዝቅ ብሎ የሚፈልቅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝናቦቹ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የደረሰችበትን ቦታ እንጂ የእኛን ወር አይቆጥሩም። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቀኑ በአንድ ይቀድማል፤ ጀሚኒድ ያን ጊዜ ለታኅሣሥ 4 አጥቢያ ነው።

የት ይቆማል?

ከጌዴኦ ውጭ ያለ ሰው «ከከተማው መብራት ራቅ በል» ብሎ ይመክርና ይጨርሳል። እዚህ ግን ከመብራቱ የራቀ ሰው ዛፍ ሥር ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መባቻ (ሴፕቴምበር 2023) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ማለት እኮ እንሰት ከቡና በላይ፣ ዋንዛና ብርብራ ከእንሰት በላይ የሚኖሩበት ግቢ ነው። ቅጠሉ ለቡናው ጥላ፣ ለሰማይ ተመልካች ግን ጣሪያ ነው።

ክፍት ሰማይ የሚገኘው ጥቂት ቦታ ላይ ነው፦ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ከወናጎ በላይ ያሉ ኮረብታ ጫፎች፣ የቡሌ ደጋ የግጦሽ መስክ (ጭጋጉ ካላስቸገረ)፣ ከሁሉ በላይ ግን የቡና ማድረቂያው። እሸት ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ ማድረቂያ አልጋዎቹን የሚዘረጋው ፀሐይ በሚያገኝ ገላጣ መሬት ላይ ነው፤ ዛፍ አይተከልበትም። የቡናው መድረቂያ ወራት ደግሞ ከጀሚኒድ ጋር ይገጥማሉ። ማታ ማታ ቡናው ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል፤ ጥበቃው ግን ነቅቶ ያድራል። ከባለቤቱ ፈቃድ አግኝቶ፣ ለጥበቃው አስቀድሞ ነግሮ፣ በአልጋዎቹ መካከል በጀርባ ተኝቶ ማየት ይቻላል። ሳይነግሩ በሌሊት ባትሪ እያበሩ መዞር ግን ሌባ ያስብላል።

የሰማዩን ጨለማነት ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ደቡብ ዞረው ከአድማሱ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እንደ ተቆራረጠ ደመና ፈዝዞ የሚታይ ነገር ይፈልጉ። ትልቁ የማጌላን ደመና ነው፤ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ። እሱ ከታየ ሰማዩ ጥሩ ነው። ካልታየ መብራት፣ ጭጋግ ወይም ኮረብታ ከልክሏል።

መቁጠርና መመዝገብ

ለተወርዋሪ ኮከብ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያደናቅፋል፤ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ጠባብ ነውና። የሚያስፈልገው ዓይን፣ ሰዓት፣ ደብተርና በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ ባትሪ ነው። ዓይን ጨለማን የሚለምደው በግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ የስልክ ብርሃን ያን ሁሉ በአንድ አፍታ ያጠፋዋል።

ጀሚኒድ በሰዓት 120 እና ከዚያ በላይ ይባላል። ቁጥሩ የተሰላው ግን መፍለቂያው አናት ላይ ሆኖ፣ እጅግ ፈዛዛ ኮከብ የሚታይበት ሰማይ ላለው ተመልካች ነው። መፍለቂያው 63 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከ120ው ወደ 107 ይወርዳል። ይህ ለጨለማው የቡና ማድረቂያ ነው። በዲላ መሃል፣ የመንገድ መብራት ሥር የቆመ ሰው ግን ሁለት የብርሃን ደረጃ ያህል ይጎድልበታልና 16 ቢያይ ነው። አንዱ ሲደሰት ሌላው «ውሸት ነው» ብሎ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ስለዚህ ቆጠራው ዋጋ የሚኖረው የሰማዩ ሁኔታ አብሮ ሲጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሚቲዮር ድርጅት ከማንኛውም ተመልካች ሪፖርት ይቀበላል፤ የሚጠይቀው መቼ እንደተጀመረና እንደተጨረሰ፣ ምን ያህል ደመና እንደነበረ፣ እስከ ምን ድረስ የፈዘዘ ኮከብ እንደሚታይና ስንት እንደተቆጠረ ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ተመልካች ብቻ የሚሠራው ስሌት አለ። ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ ከሌሊቱ 8:30 ላይ የታየ ተወርዋሪ ኮከብ፣ በፈረንጆች ሰዓት 2:30 ነው፤ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ለመለወጥ ከዚያ 3 ሰዓት ይቀነሳል፤ 23:30 ይሆናል፤ ቀኑም ዲሴምበር 14 ሳይሆን 13 ነው። አንድ ቀን የተሳሳተ ሪፖርት ሙሉ ሌሊት የደከሙበትን ከንቱ ያደርገዋል።

ከቆጠራ ያለፈ ሥራም ይቻላል። ብራንደስና ቤንዘንበርግ የተባሉ ሁለት የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1798 ተራርቀው ቆመው አንዱን ተወርዋሪ ኮከብ ከሁለት ቦታ በማየት ከፍታውን ለኩ። ዲላና ይርጋጨፌ ቀጥታ ሲለኩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚነድ ነገር ከሁለቱ ከተሞች ሲታይ ከኋላው ካሉት ኮከቦች አንጻር 17 ዲግሪ ያህል ይዛነፋል። ማዕዘኑ በጭብጥ የሚለካ ነው፤ በሁለት ስልኮችና በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት የሚሠራ።

የጅራታም ኮከቦች ዘመን

ጅራታም ኮከብ እንደ ዝናቡ ቀጠሮ የለውም። ሃሌ ግን በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። በ1978 ዓ.ም. ሲመጣ በሚያዝያ ወር በደቡብ ሰማይ ስለነበር ከአውሮፓ ይልቅ ለእኛ ይመች ነበር። የሚመለሰው ሐምሌ 2053 ዓ.ም. ነው፤ በክረምት። በ1989 ዓ.ም. የመጣው ሄል–ቦፕ ደግሞ ለ18 ወራት ያለ መሣሪያ የታየ ነው፤ ከሁለቱ አግኚዎቹ አንዱ ቶማስ ቦፕ ሙያው ሌላ የነበረ፣ ሰማይን ለፍቅሩ የሚያይ ሰው ነበር።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። በፕሪቶሪያ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ጃክ ቤኔት ለዓመታት በትርፍ ጊዜው ሰማዩን ሲፈትሽ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1969 ስሙን የያዘውን ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ በ1970 መጋቢትና ሚያዝያ ከዘመኑ ደማቆች አንዱ ሆነ። ዛሬ እንዲህ ያለው ግኝት ከባድ ሆኗል። እንደ አትላስ ያሉ አውቶማቲክ ቴሌስኮፖች ሌሊት ሌሊት ሰማዩን ስለሚያጠኑ ከሰው ዓይን ይቀድማሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 ከፀሐይ ሥርዓታችን ውጭ የመጣውን የመጀመሪያውን ጅራታም ኮከብ ያገኘው ጌናዲ ቦሪሶቭ ቴሌስኮፑን በእጁ የሠራ ሰው ነው።

ለጌዴኦ ተመልካች የቀረው ሥራ ብርሃኑን መከታተል ነው። 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሆነ ባይኖኩላር ይበቃል። ኮከቦቹን ትንሽ አደብዝዞ ከጅራታም ኮከቡ ራስ ጋር በማነጻጸር ደረጃውን መገመት ይቻላል። በየቀኑ የተደረገ ግምት ጅራታም ኮከቡ እንዴት እየደመቀ ወይም እየፈዘዘ እንዳለ ያሳያል።

ከእኛ ሰዎች

ሰማይን ያለ መሣሪያ በሥርዓት ማየት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከጌዴኦ በስተ ደቡብ ቦረናዎች በጨረቃና በተመረጡ ኮከቦች መገጣጠም ዓመታቸውን ይቆጥራሉ፤ ይህን የሚያውቁት አያንቱዎች ናቸው፤ አስመሮም ለገሰም እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው «ገዳ» በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ጨረቃ መውጫ በሮች የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው።

በዘመናዊው በኩል የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት ሲሰይም ኢትዮጵያ ለኮከቡ «ቡና»፣ ለፕላኔቱ «አቦል» የሚል ስም ሰጥታለች። ኮከቡ በአንድሮሜዳ ውስጥ ነው፤ በዓይን አይታይም፤ በታኅሣሥ ምሽት ግን የይርጋጨፌ ቡና እየጠጣ በባይኖኩላር ሊፈልገው የሚችል ሰው አለ።

የጎደለው

በእንጦጦ ያለው መሣሪያ ለተወርዋሪ ኮከብ አይሆንም፤ ቴሌስኮፕ ለዲላ መግዛትም መፍትሔ አይደለም። የጎደለው መዝገብ ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ካለው የአፍሪካ ክፍል የሚላክ ቆጠራ ጥቂት ነው፤ ይህም የአንድ ተማሪ ደብተር እንኳ ከብዛቱ በላይ ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎችና የይርጋጨፌ ሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበብ ይህን ቢጀምሩት የሚያስፈልጋቸው በጀት የደብተርና የባትሪ ብቻ ነው።

የሚጀምሩበትም ሌሊት አለ። በ2019 ዓ.ም. ታኅሣሥ (ዲሴምበር 2026) ጨረቃ ገና የአምስት ቀን ልጅ ስለምትሆን ከእኩለ ሌሊት በፊት ትጠልቃለች፤ ለጀሚኒድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሙሉ ጨለማ ይቀራል። ከዲላና ከይርጋጨፌ ሁለት ቡድን አንድ ሰዓት ብቻ ቢቆጥርና ሰዓቱን በትክክል ለውጦ ቢልክ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በደቡብ ሰማይ ላይ ብርሃን ሲያልፍ «ምን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ሰከንዱንና አቅጣጫውን የሚናገር ምስክር ይኖረናል።